ከዌስት ፖይንት ወጥቼ የመጀመሪያ ፕላቱኔን ልረከብ ነው፣ ያለፋችሁበት ምከሩኝ

አዲሱ_ኤልቲ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ካዴት (ዕጩ መኮንን) ሳለሁ ጀምሮ እዚህ የምትጽፉትን አነባለሁ፣ ራሴ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በልጅነቴ ከአዲስ አበባ መጥቼ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው ያደግኩት። ባለፈው ግንቦት ከዌስት ፖይንት፣ ከአሜሪካ ጦር የመኮንኖች አካዳሚ፣ ተመረቅኩ። ዘርፌ ትራንስፖርት ነው። ፎርት ሊ የሚሰጠውን የጀማሪ መኮንኖች ኮርስ ጨርሼ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሉዊስ ማኮርድ ተመደብኩ። በሚቀጥለው ሳምንት የአቅርቦት ማከፋፈያ ፕላቱን (አገር ቤት መቶ የሚባለውን የጦር ክፍል) እረከባለሁ። ነዳጁን፣ ውሃውን፣ ጥይቱን ለተዋጊዎቹ የምናደርሰው እኛ ነን።

ምርቃቱ ትልቅ የደስታ ቀን ነበር። ኮፍያው ሲወረወር ሕፃናቱ ሜዳው ላይ ተንጋግተው ይለቅማሉ፣ ውስጡ ገንዘብ ስለሚደረግበት። እናትና አባቴ ግራና ቀኝ ቆመው የሌተናንትነት (የምክትል መቶ አለቃ) ማዕረጉን ሲያደርጉልኝ አክስቶቼ በእልልታ ቦታውን አናወጡት። ከዚያ የሁለት ወር እረፍት፣ ከዚያ ኮርሱ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቅህ፤ መቼ እንደምትነሳ፣ መቼ እንደምትበላ፣ ምን እንደምትለብስ ሌላ ሰው ወስኖልሃል። አሁን ግን ለሌሎች የምወስነው እኔ ልሆን ነው።

ዋናው ጥያቄዬ ስለ ፕላቱን ሳርጀንቱ፣ ከእኔ ቀጥሎ ፕላቱኑን ስለሚመራው አንጋፋ ሳርጀንት፣ ነው። በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል። አፍጋኒስታን ደርሶ ተመልሷል። የመጀመሪያ ልጁ ኮሌጅ ልትገባ ነው። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ እሱ መኪና እየመራ ኮንቮይ ያስኬድ ነበር። ይህ ሰው ነው ሲያገኘኝ ቀድሞ እጁን ወደ ግንባሩ አንስቶ «ሰር» የሚለኝ። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስቼ ወንበር እየለቀቅኩ ነው ያደግኩት። ቤተሰብ ጋ ብንገናኝ «ጋሼ» ነበር የምለው። እንዴት ነው የማዘው? ምን ያህል ልጠይቀው፣ ምን ያህል ራሴ ልወስን?

ሁለተኛው ንብረት ነው። የፕላቱኑን ዕቃ በሙሉ ፈርሜ ልረከብ ነው፣ መኪኖቹንም ጨምሮ። ሦስተኛው ገንዘብ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶች «መኮንን ሆነ» ሲባል ሹመት መስሏቸዋል፣ ስልኩ ከወዲሁ ጀምሯል። ያለፋችሁበት እባካችሁ ጻፉልኝ።

ካፒቴን_ሰላም፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እኔ የወጣሁት ከአካዳሚ ሳይሆን ከሮትሲ፣ ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ ከሚወሰደው የመኮንንነት ሥልጠና፣ ነው፣ ግን ሌተናንት ከሆንን በኋላ ማን ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። የሳርጀንቱን ጉዳይ ለሳርጀንቶች ልተውና ስለ ንብረቱ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይሄ ማንም ቀድሞ የማይነግርህ ነገር ነው።

አስረካቢው ሌተናንት አብዛኛውን ጊዜ ቸኩሏል። ሐሳቡ ቀጣዩ ምድብ ላይ ነው። ዝርዝሩን ይዞ ይመጣና «ሁሉም ነገር አለ፣ ባለፈው ወር ቆጥረነዋል» ይልሃል። አትፈርም። ሞተር ፑሉ (የመኪኖቹ ማቆሚያ ግቢ) ላይ ከእያንዳንዱ መኪና ፊት ሸራ አስነጥፍ። የመኪናው የሆነ ነገር ሁሉ ሸራው ላይ ይውጣ፤ ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻው፣ እሳት ማጥፊያው፣ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑ፣ መጎተቻ ብረቱ፣ የመመሪያ መጽሐፉ ሳይቀር። የዕቃውን ሥዕል ከመጽሐፉ ገልጠህ ከፊትህ ካለው ጋር አስተያይ። መፍቻ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ቁጥሩ የተለየ ከሆነ ያ ዕቃ የለም ማለት ነው።

የሌሊት መነጽሮቹን ሴሪያል ቁጥር ሌላ ሰው አንብቦልህ አንተ ምልክት አታድርግ። ራስህ በእጅህ ይዘህ፣ በባትሪ አብርተህ፣ ፊደል በፊደል አንብብ። ስምንት ቁጥርና «ቢ» ፊደል በተፋቀ ብረት ላይ አንድ ይመስላሉ። «ሰር፣ ያ ዕቃ ሌላ መጋዘን ነው ያለው» ከተባልክ «ጥሩ፣ እንሂድና እንየው» በል። «ጥገና ገብቷል» ከተባልክ የጥገናውን ወረቀት ጠይቅ። ጉድለት ካለ ከመፈረምህ በፊት በጽሑፍ ይያዝ፣ ለሻምበል አዛዥህም ንገር። ከፈረምክ በኋላ የጠፋ ነገር ላይ ምርመራ ይከፈታል፣ ቸልተኛ ነበር ከተባልክ እስከ አንድ ወር መሠረታዊ ደመወዝህ ድረስ ልትከፍል ትችላለህ። ገንዘቡ ብቻም አይደለም። ወታደሮቹ አዲሱ ሌተናንት ሸራው ላይ ተንበርክኮ ሲቆጥር ያያሉ። ዕቃው እንደሚያገባው ያን ቀን ያውቃሉ።

ከፍሎሪዳ_ሳርጀንት፦

ከሌላኛው ወገን ሆኜ ልጻፍልህ ሰር። በዲቪ መጥቼ በግሪን ካርድ ነው ወታደር የገባሁት። መኮንን ለመሆን ዜግነት ግድ ስለሆነ ያኔ በዚያ በኩል መንገዱ ዝግ ነበር። ዜግነቴን ያገኘሁት በአገልግሎቴ ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን ሳርጀንትነቱን ስለወደድኩት እዚያው ቀረሁ። አሁን ፕላቱን ሳርጀንት ነኝ፣ ስንት ሌተናንት እንደመጣና እንደሄደ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ይሄን ሰላምታ ነገር ከሐሳብህ አውጣ። ሰላምታ ስሰጥህ አልተዋረድኩም። ለኔ የዘወትር ሥራ ነው። የሚከብደኝ አንተ ስትሽኮረመም፣ መልሱን ቶሎ ቶሎ አድርገህ ዓይንህን ስትሰብር ነው። ቀና ብለህ መልስልኝ፣ ከዚያ እንደምን አደርክ በለኝ፣ በቃ።

በመጀመሪያው ቀን በር ዘግተህ ከሳርጀንትህ ጋ ቁጭ በል። ስለ ራስህ ብዙ አታውራ። «ይህ ፕላቱን ምን ላይ ጠንካራ ነው? ወታደሮቹን የሚያማርራቸው ምንድነው? ካለፈው ሌተናንት ምን ወደዳችሁ፣ ምን አልወደዳችሁም? በዚህ ሳምንት የቤት ችግር ያለበት ማነው?» ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ፣ ማስታወሻ ያዝ። ስትጨርስ አንተ የምትጠብቀውን ንገረው። ሁለት ሦስት ነገር ይበቃል፣ ዝርዝር አታምጣ።

ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ወታደሩ በሰዓቱ መምጣቱ፣ ፀጉሩ፣ ክፍሉ፣ ስልጠናው ላይ እንዴት እንደሠራ፣ ይሄ የኔ ነው። ነገ ምን እንደምንሠራ፣ ከላይ የመጣው ትዕዛዝ ምን እንደሆነ፣ ጊዜና ዕቃ ማግኘት፣ ከሻምበል አዛዡ ጋ መከራከር ያንተ ነው። ባታሊዮን (ሻለቃው) የማይሆን ነገር ሲያዝብን ገብተህ «ሰር፣ ይሄን በዚህ ሰዓት ማድረስ አንችልም፣ በዚህ ሰዓት ግን እንችላለን» የምትለው አንተ ነህ። እኔ እዚያ ስብሰባ አልገባም። እዚያ ዝም የሚል ሌተናንት ካለኝ፣ የፈለገ ጨዋ ቢሆን፣ ልጆቼ ሌሊቱን ሲለፉ ያድራሉ።

ካልተስማማን ቢሮ ውስጥ ተከራከረኝ፣ ወታደር ፊት ግን አታርመኝ። እኔም ወታደር ፊት አልሞግትህም። ከዚያ ከወሰንክ ወሰንክ ነው፣ የራሴ ሐሳብ አድርጌ ነው የማስፈጽመው።

የእናት_ልጅ_ሲያትል፦

እኔ እንደ ሐበሻ የተለየ አስተያየት አለኝ። አክብሮታችን የሚደበቅ ነገር አይደለም። ወንድሜ መኮንን ነበር፣ ሳርጀንቱን ከሥራ ውጭ እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የሚያየው፣ ለገና ቤት ጠርቶት ዶሮ በልቷል። ዕድሜ ከማዕረግ ይቀድማል። ሰውን ማክበር ጦር ውስጥ ሲገባ ለምን ይቀራል?

ከፍሎሪዳ_ሳርጀንት፦

አክብሮቱ አይቀርም እህቴ፣ እኔም አክብሮቱን እወደዋለሁ። ችግሩ አክብሮቱ ውሳኔውን ሲበላው ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው ብቻ እኔ ያልኩት ሁሉ የሚጸድቅ ከሆነ፣ የተሳሳትኩ ቀን የሚያቆመኝ ማነው? እኔም እሳሳታለሁ፣ ድካም አለ፣ ልማድ አለ። ሌተናንት የተላከልኝ ለዚያም ነው። ዶሮው ይበላ፣ ከሁሉም ቤተሰብ ጋ በግልጽ ከሆነ ነውር የለውም። ሰኞ ጠዋት ግን ሁለታችንም ቦታችንን እንወቅ።

የሐረር_ዘመን፦

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። እኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦር አካዳሚ ልጅ ነኝ፣ ሐረር። አሠልጣኞቻችን በብዛት የህንድ መኮንኖች ነበሩ፣ ትምህርቱም ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር። ስንመረቅ ምክትል መቶ አለቃ ሆነን በየጦሩ ተበተንን። የእኔ ዕጣ ኦጋዴን ወጣ።

የመቶዋ አንጋፋ ሃምሳ አለቃ ኮሪያ የዘመተ ሰው ነበር፣ ቃኘው። አንተ የጠየቅኸው ጥያቄ እኔንም ሌት ተቀን አስጨንቆኛል። አካዳሚ ካርታ ንባቡን፣ የማጥቃት ሥልቱን አስተምረውናል፣ እኔም ጎበዝ ነበርኩ። ለቅኝት ስንወጣ ሃምሳ አለቃው ምን ያደርግ እንደነበር ልንገርህ። ወታደሩን ያሰልፍና የእያንዳንዱን ኮዳ በእጁ ይዞ ከጆሮው አጠገብ ይነቀንቀዋል። የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሰማ ኮዳው አልሞላም ማለት ነው፣ ወታደሩን ወደ በርሜሉ ይመልሰዋል። ካልተንቦጫረቀ ያሳልፈዋል። ይህ በየትኛውም ደብተሬ ላይ አልነበረም። እኔም «ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?» ብዬ ሰው ፊት አልጠየቅሁትም፣ ማታ ላይ ብቻውን ጠየቅሁት፣ ደስ ብሎት አስረዳኝ። በሚቀጥለው ቅኝት አብሬው ቆሜ ግማሹን ሰልፍ እኔ ነቀነቅሁ። ከዚያ በኋላ በመካከላችን የተበላሸ ነገር አልነበረም። ትዕዛዙን እኔ እሰጣለሁ፣ መንገዱን ግን እሱን ሳልጠይቅ አልወጣም።

ሌላም ልንገርህ። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተዋጋው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ነው፣ በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር። ያ 7ኛ ክፍለ ጦር በፈረንጆች 2012 ዋና መምሪያው እንደገና ሲቋቋም አንተ አሁን ያለህበት ሉዊስ ማኮርድ ላይ ነው የተቋቋመው። ስለዚህ አገር የራቀህ አይምሰልህ። በዚያ ክፍለ ጦር ምልክት ሥር የተዋጉ ኢትዮጵያውያን ከአንተ በፊት ነበሩ።

አዲሱ_ኤልቲ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር። የ7ኛውን ምልክት በየቀኑ ነው የማየው፣ ከዛሬ ጀምሮ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። እርስዎ ጤናዎ እንዴት ነው? ቅርብ ከሆኑ መጥቼ ባገኝዎት ደስ ይለኛል።

ሰጋን_ከቤር_ሼቫ፦

ሰላም ከእስራኤል። እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ስለሆነ ለማነጻጸር ያህል። እዚህ ከሲቪል ቀጥታ አካዳሚ ገብቶ መኮንን የሚሆን ብዙ የለም። ሁሉም እንደ ተራ ወታደር ይጀምራል፣ ከዚያ የጓድ አዛዥነት ኮርስ፣ ከዚያ የተመረጠው ሚጽፔ ራሞን አካባቢ ወዳለው ባሃድ 1፣ ወደ መኮንኖች ማሠልጠኛው፣ ይላካል። ስለዚህ ፕላቱን ስረከብ ሥራውን ከታች ጀምሬ ሠርቼዋለሁ። የዕድሜ ችግርም የለም፣ እኔ የሃያ ምናምን ልጅ፣ ወታደሮቼ አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ።

ግን ሌላ ክብደት አለው። እኛ ጋ አዛዥ የወታደሮቹን ቤት ሄዶ ይጎበኛል። አንዳንዱ ቤት ስገባ እናትየው ነጠላ ለብሳ በአማርኛ «ልጄን አደራ» ትለኛለች። ዕብራይስጥ የማይችሉ እናቶች ልጃቸውን የሚያዘው ሰው አማርኛ ሲናገር ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚታየውን እፎይታ በቃላት መግለጽ ይከብደኛል። ከዚያ ቤት ከወጣህ በኋላ ያ ልጅ ዝርዝር ላይ ያለ ስም አይሆንልህም። አንተ ጋ ይሄ ልማድ ባይኖርም ወታደሮችህ ከየት እንደመጡ፣ ቤት ማን እንዳላቸው ጠይቅ። የስልክ ወጪውን ለእናቱ የሚሸፍን ልጅ እዚያም አይጠፋም።

አዲሱ_ኤልቲ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳርጀንት፣ የጻፍክልኝን ጥያቄዎች ገልብጫቸዋለሁ። ካፒቴን፣ ቆጠራው ሰኞ ይጀመራል፣ ሸራ አዝዣለሁ።

አንድ ልጨምር። ከርክክቡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ያኪማ ማሠልጠኛ እንወጣለን። በአይ 90 አውራ ጎዳና የስኖኳልሚን ተራራ ተሻግረን ማለት ነው፣ ቦቴዎቹን ይዘን። ኮንቮይ ኮርስ ላይ ሠርቻለሁ፣ እውነተኛ መንገድ ላይ፣ በሲቪል መኪና መሐል፣ በክረምት ግን አላደረግኩም።

ካፒቴን_ሰላም፦

ሉዊስ ነበርኩ፣ ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። ከምዕራቡ በኩል ዝናብ ሆኖ ትነሳና ጫፉ ላይ በረዶ ይጠብቅሃል። ተራራውን ስትወርድ ደግሞ ዛፉ ያልቅና ደረቅ፣ ነፋሻ፣ አቧራማ አገር ነው። የአንድ ቀን ጉዞ ላይ ሦስት ዓይነት አየር አለ ብለህ ተዘጋጅ። የኮንቮይ ፈቃዱ ቀደም ብሎ ነው የሚጠየቀው፣ ወረቀቱ በእጅህ መኖሩን ራስህ እይ። የጎማ ሰንሰለቱ መኪናው ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ሞተር ፑል ላይ እያንዳንዱ ሾፌር አንድ ጊዜ አስሮ ይፍታው። መንገድ ዳር፣ በጨለማ፣ ጣት ደንዝዞ አይማሩትም።

ስታስረዳቸው አንተ ብቻ አታውራ። የመጨረሻውን መኪና ሾፌር ጥራና «መንገድ ላይ ብትበላሽ ምን ታደርጋለህ? የመጀመሪያው ማረፊያ የት ነው? ሬዲዮህ ካልሠራስ?» በለው። እሱ ከመለሰ ሌሎቹ ያውቁታል። ማንሻ መኪናው ከኋላ ይሁን። ሾፌሮችህ ሌሊቱን ተኝተው መምጣታቸውን ሳርጀንትህን ጠይቅ፣ እኔ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። ዘርፋችን ላይ ከጠላት ይልቅ ድካም ነው ቅርብ ያለው። ያልተኛ ሾፌር ካለ ጉዞው ይዘግይ። ለምን ዘገየህ ብሎ የሚቆጣህ አለቃ ይኖራል፣ ይቆጣህ።

የካዴት_እናት፦

ልጆቼ እግዜር ይጠብቃችሁ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሮትሲ ናት፣ በሚቀጥለው ዓመት ትመረቃለች። የጻፋችሁትን ሁሉ ነጠላዬን ጨብጬ ነው ያነበብኩት። ስለ ገንዘቡ ግን ማንም አልመለሰለትም። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ዘመድ ሲጠይቀኝ የምለው እንዲኖረኝ።

ካፒቴን_ሰላም፦

እናቴ፣ ልክ ነዎት። በፈረንጆች 2025 ሰንጠረዥ ጀማሪ ሌተናንት መሠረታዊ ደመወዙ በወር ወደ 4,000 ዶላር ነበር። ላዩ ላይ ያኔ ወደ 320 ዶላር የነበረ የምግብ አበልና እንደ ከተማው የሚለያይ የቤት አበል አለ። ለብቻው ለሆነ ወጣት ጥሩ ገቢ ነው፣ ሹመት ግን አይደለም። የደንብ ልብሱን መኮንን ከኪሱ ነው የሚገዛው፣ የክብሩ ልብስ ርካሽ አይደለም። አሥራ ስምንት ወር ላይ መቶ አለቃ ሲሆን ይጨመርለታል፣ አራት ዓመት አካባቢ ካፒቴን ሲሆን ደግሞ ደህና ልዩነት አለው።

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር። ባንኮች ለካዴት በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጡትን ትልቅ ብድር ከወሰድክ መኪና ላይ አታውለው። ብዙ ጓደኞቼ አዲስ መኪና ገዝተው አምስት ዓመት ሲከፍሉ አይቻለሁ። ቲኤስፒ ላይ (የመንግሥት ሠራተኞችና የወታደሮች የጡረታ ቁጠባ ነው) ደግሞ ከመጀመሪያው ወር ከደመወዝህ አምስት በመቶ ጀምር። መንግሥት ከሁለት ወር በኋላ አንድ በመቶ ያለ ምንም ያስገባልሃል፣ ሁለት ዓመት ስትሞላ ደግሞ አንተ አምስት ካስገባህ እሱም በድምሩ አምስት ያደርሰዋል። ለቤተሰብ የምትልከውን በወር ቁርጥ አድርገህ ወስን፣ ለእናትህ ንገራት፣ ዘመድ ሲደውል መልሱን እሷ ትስጥ።

የእናት_ልጅ_ሲያትል፦

በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ቁርጥ ያለው ነገር ለታመመ ሰው አይሠራም። አጎቱ ሆስፒታል ቢገባ «የወሩ አልቋል» ሊል ነው? ለብቻው ለድንገተኛ የሚቀመጥ ይኑረው።

ካፒቴን_ሰላም፦

እውነት ነው። ለብቻው ይቀመጥ፣ እኔም እንዲያ ነው የማደርገው።

የካዴት_እናት፦

ገባኝ፣ ተባረኩ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ልጅ ከተመደበ በኋላ ቤተሰብ ካምፑ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይችላል? ድርቆሽና ቋንጣ ብንይዝስ?

ከፍሎሪዳ_ሳርጀንት፦

ይችላሉ እናቴ። በሩ አካባቢ የጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት አለ፣ ልጅዎ እንግዳዬ ናቸው ብላ ታስመዘግብዎታለች። መታወቂያዎ ሪል አይዲ ካልሆነ ፓስፖርት ይያዙ፣ ያለዚያ ከበር ይመልሱዎታል። ቅዳሜ ሳይሆን በሥራ ቀን ጠዋት ቢደርሱ ሰልፉ ይቀላል። ምግቡን ማንም አይከለክልዎትም፣ ቋንጣውን ግን በዛ አድርገው ይያዙ፣ ለፕላቱኑም ይደርሳል።